ፖሊስና መድን፦ ጥፋቱ የማን፣ ካሳው ከማን ኪስ?

የፖሊስ የግል ኃላፊነት መድን ማለት አንድ ፖሊስ በሥራ ላይ ሳለ በሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚፈረድበትን ካሳ እንዲከፍልለት ከመድን ድርጅት ጋር በራሱ ስም የሚገባው ውል ነው። ግዴታ ይሁን የሚሉት ወገኖች ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ መድን የሌለው ፖሊስ መሣሪያ አይታጠቅ፣ ለሥራም አይሰማራ። ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም በሌሎች ሥራዎች የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይከለክላል። በኬንያም ማታቱ ያለ መድን ተሳፋሪ እንዲጭን አይፈቀድለትም፤ ጠበቃም የሙያ ኃላፊነት መድን እንዲኖረው ይጠበቃል። ታዲያ ጠመንጃ ይዞና ሰው የማሰር ሥልጣን ተሰጥቶት የሚውል ሠራተኛ ከሹፌሩና ከጠበቃው በምን ይለያል? ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የአሠራሩ እምብርት ዓረቦኑ ነው። በአንድ ጣቢያ የሚሠሩ ሁለት ፖሊሶች አሉ እንበል። የሁለቱም መነሻ ዓረቦን በወር 1,000 ሽልንግ ሆኖ ይህን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አንደኛው ዓመቱን ሙሉ አቤቱታ አልቀረበበትም፤ ከደመወዙ የሚነካ ነገር የለም። ሁለተኛው ሰው ደብድቦ ሁለት ጊዜ ካሳ ተፈርዶበታል። መድን ድርጅቱ ሂሳቡን ሠርቶ የዚህኛውን ዓረቦን 3,000 ያደርሰዋል፤ ጭማሪው 2,000 ሽልንግ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ሦስተኛ ጥፋት ሲደገም ደግሞ መድን የሚሸጥለት ድርጅት ያጣል፤ መድን የሌለው አይሠራም ከተባለ ሥራውም እዚያው ላይ ያበቃል። አለቃው ቢወደው፣ ዘመድ ቢኖረው፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፋይሉን ቢያዳፍንለትም መድን ድርጅቱ ገንዘቡን ስለሚያሰላ ይሉኝታ አይይዘውም። የሐሳቡ ደጋፊዎች ተስፋ ያደረጉት በዚህ ጭካኔ ላይ ነው።

ሐሳቡ ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ ነው። እዚያ አንድ ባለሥልጣን ሕገ መንግሥታዊ መብቱን የጣሰበት ሰው ባለሥልጣኑን በግል እንዲከስ የሚፈቅድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ አለ፤ የወጣው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው ዘረኛ ቡድን በደቡብ ያደርስ የነበረውን ሽብር ለመግታት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1967 በቅን ልቦና ለሠራ ፖሊስ መከላከያ ሰጠው፤ በ1982 ደግሞ መከላከያውን አሰፋው። ከዚያ ወዲህ ተበዳዩ ፖሊሱ የጣሰው መብት አስቀድሞ በግልጽ የታወቀ እንደነበር ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ብዙ ክስም በዚሁ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ደጃፉን ያለፈው ክስ ቢረታ እንኳ ፖሊሱን አይነካውም። የሕግ ምሁሯ ጆአና ሽዋርትዝ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከ2006 እስከ 2011 ድረስ በትልልቅ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ላይ የተከፈለውን ካሳ መርምረው ነበር፤ ከፖሊሶቹ ኪስ የወጣው ከጠቅላላው 0.02 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ10,000 ዶላር 2 ዶላር መሆኑ ነው። ቀሪውን የሚከፍለው ከተማው፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም መካከል የተደበደበው ሰው ራሱ ይገኝበታል።

በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ሚኒያፖሊስ ይህን ለመለወጥ ሙከራ የተደረገባት ከተማ ናት። በ2016 አንድ የነዋሪዎች ቡድን የከተማዋ ቻርተር እንዲሻሻል ፊርማ አሰባስቦ ጥያቄ አቀረበ። ረቂቁ እያንዳንዱ ፖሊስ የሙያ ኃላፊነት መድን እንዲገባ፣ መነሻ ዓረቦኑን ከተማው ሊከፍልለት እንደሚችል፣ በግል ጥፋት ታሪኩ ምክንያት የሚመጣውን ጭማሪ ግን ራሱ እንዲሸከም ይል ነበር። አንድ ደፋር ሐረግም ነበረበት፤ መድኑ ሆን ተብሎ በክፋት የሚፈጸምን ድርጊት ጭምር እንዲሸፍን ይጠይቃል። የከተማው ምክር ቤት ለድምፅ አላቀርብም አለ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት፣ ከተሞች ሠራተኞቻቸውን ከካሳ እንዲጠብቁ ከሚያዘው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ጋር ይጋጫል በማለት ውሳኔውን አጸና። ነዋሪው ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2020፣ በዚያችው ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። በማርች 2021 ከተማዋ ለቤተሰቡ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ገንዘቡ የወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው።

መድን ድርጅት ፖሊስን ሊገራ ይችላል የሚለው ነገር ባዶ ተስፋ እንዳልሆነ ግን ትናንሽ የአሜሪካ ከተሞች ያሳያሉ። ኒው ዮርክና ቺካጎን የመሰሉ ትልልቅ ከተሞች ካሳውን ከራሳቸው በጀት ይከፍላሉ። ትናንሾቹ አቅም ስለሌላቸው ከመድን ድርጅት ይገዛሉ ወይም ተሰባስበው የጋራ ቋት ያቋቁማሉ። ሻጩ ታዲያ ዝም ብሎ አይሸጥም፤ የኃይል አጠቃቀም መመሪያችሁን አሻሽሉ፣ ሥልጠና ስጡ፣ ያንን አስቸጋሪ ሰው ከመንገድ ላይ አንሡት ይላል። እምቢ ያለ ከተማ ዋጋው ይንርበታል፤ ይባስ ሲልም ውሉ ይሰረዛል። በካሊፎርኒያ ሜይዉድ የምትባለው ከተማ በ2010 መድኗ ሲቋረጥ የፖሊስ ክፍሏን በትና ጥበቃውን ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ አስረክባለች። በኦሃዮም ሊንከን ሃይትስ በ2014 ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟታል። ሰልፍና የጋዜጣ ጩኸት ያላስገኙትን ለውጥ አንድ የመድን ደብዳቤ አስገኘው ማለት ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው እነዚህ መድኖች የከተማው እንጂ የግለሰቡ ፖሊስ አለመሆናቸውን ነው።

ግለሰቡን በከፊል የነካ ሕግ ያወጣችው ኮሎራዶ ናት። በጁን 2020 የጸደቀው ሕጓ፣ ፖሊሱ በቅን ልቦና አልሠራም ብሎ መሥሪያ ቤቱ ከወሰነ፣ ከካሳው 5 በመቶውን ወይም 25,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ከራሱ እንዲከፍል ያደርጋል። ከኬንያ አጠገብ ደግሞ ኡጋንዳ በ2019 ባወጣችው የሰብአዊ መብቶች ማስፈጸሚያ ሕግ፣ መንግሥት ኃላፊ መሆኑ እንዳለ ሆኖ መብት የጣሰው ሹም በግሉም ይጠየቃል ብላለች። ሁለቱም ሕጎች መድንን ግዴታ አላደረጉም፤ ከኪስ የሚወጣ ነገር መኖሩን ግን አምነዋል።

ወደ ናይሮቢ ሲመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ሁርሊንግሃምን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ፣ ከኪሊማኒ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሆስፒታሎች፣ ቢሮዎች፣ የያያ ሴንተር ገበያና የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ዋናው መንገድ አርግዊንግስ ኮዴክ ይባላል። ስሙ የተሰጠው ለኬንያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጠበቃ ነው። ሰውዬው በማው ማው ዐመፅ ዘመን የቅኝ ገዢው መንግሥት የከሰሳቸውን አፍሪካውያን ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረ፣ ከነጻነት በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን የደረሰ ነበር። በጃንዋሪ 1969 ሕይወቱ ያለፈው በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ያኔ ሁርሊንግሃም ሮድ ይባል ነበር። የመኪና አደጋ ነው ተባለ። ተገድሏል የሚለው ጥርጣሬ ግን ከስድስት ዐሥርት ዓመታት ግድም በኋላ ዛሬም አልጠፋም።

በዚህ መንገድ ላይ የሚኖር ወይም የሚነግድ ኢትዮጵያዊ ከፖሊስ ጋር የሚገናኝበትን አጋጣሚ ያውቀዋል። ማታ ላይ ሾጣጣ ብረት የተነጠፈበት ኬላ፣ በመኪናው መስኮት የሚገባ የባትሪ ብርሃን፣ የመታወቂያና የስደተኛ ወረቀት ጥያቄ፣ ከዚያም «ኪቱ ኪዶጎ»፣ ማለትም «ትንሽ ነገር» የሚባለው ጉቦ። አብዛኛው ጉዳይ በጥቂት መቶ ሽልንግ ያልቃል፤ አቤቱታም ካሳም የለውም። ከዚህ የከበደውም ይደርሳል። በኖቬምበር 2021 ከሁርሊንግሃም አጠገብ ባለችው ኪሌሌሽዋ አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በጠራራ ፀሐይ ከመኪናው ተጎትቶ ሲወሰድ በስልክ የተቀረጸ ምስል በየማኅበራዊ መገናኛው ተሰራጭቶ ነበር። በምስሉ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ልብስ የለበሰ ሰው ከጎታቾቹ አጠገብ ይታያል።

የኬንያ ሕግ በወረቀት ላይ ለተበዳይ ደግ ነው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 23 ፍርድ ቤት መብቱ ለተጣሰበት ሰው ካሳ እንዲያዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። በ2011 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «አይፖአ» የሚባለው ነጻ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም በፖሊስ የደረሰን ሞትና ከባድ ጉዳት ይመረምራል። ፍርድ ቤቶቹም ይፈርዳሉ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት የጾታ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች በ2013 ክስ መሥርተው በዲሴምበር 2020 ለአራቱ ለእያንዳንዳቸው 4 ሚሊዮን ሽልንግ ተወስኖላቸዋል። ፓኪስታናዊው ጋዜጠኛ አርሻድ ሻሪፍ በኦክቶበር 2022 በካጂያዶ ካውንቲ በጥይት ሲገደል ፖሊስ የተሰረቀ መኪና ስንፈልግ በስሕተት ነው ብሎ ነበር፤ የካጂያዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2024 ግድያው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለባለቤቱ 10 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል ወሰነ።

ችግሩ ያለው ከፍርዱ በኋላ ነው። በኬንያ የግል ባለዕዳ የተፈረደበትን ካልከፈለ መኪናው ይያዛል፣ ዕቃው ይሸጣል፣ የባንክ ሂሳቡ ይታገዳል። መንግሥት ሲሆን ግን የመንግሥት ሙግቶች ሕግ አንቀጽ 21 ይህን ሁሉ ይከለክላል። የረታው ሰው መጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ ያወጣል፤ ቀጥሎ መንግሥት ይህን ያህል ዕዳ አለበት የሚል የምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤቱ ያወጣል፤ ወረቀቱን ለዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤትና ለሚኒስቴሩ የሂሳብ ኃላፊ ያደርሳል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ገንዘቡ ካልመጣ ኃላፊው ግዴታውን እንዲፈጽም የሚያስገድድ ትእዛዝ ለማግኘት አዲስ አቤቱታ ይከፍታል፤ ትእዛዙም ካልተከበረ ፍርድ ቤትን በመድፈር ሦስተኛ ክርክር ይጀምራል። ጠበቃው በየደረጃው ይከፈለዋል። ልጁን በፖሊስ ጥይት ያጣ የናይሮቢው ማታሬ ሰፈር ነዋሪ በዚህ ሁሉ መካከል ስንት ዓመት ሊቆም እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ የመድን ሐሳብ ለኬንያ የሚሰጠው ጥቅም ከአሜሪካው የተለየ ሆኖ ይገኛል። በአሜሪካ ከተማው ይከፍላል፤ ቅሬታው ጥፋተኛው ምንም አይቀምስም የሚል ነው። በናይሮቢ ግን ተበዳዩ ራሱ ላይከፈለው ይችላል። የመድን ድርጅት እንደ ማንኛውም ኩባንያ ንብረቱ የሚያዝ፣ ሂሳቡ የሚታገድ ባለዕዳ ነው፤ ከበላዩም የመድን ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን አለበት። የተፈረደበትን ካሳ ለዓመታት ላዘግይ ቢል ፈቃዱን ያጣል። ስለዚህ ለኬንያዊው ተበዳይ የመድኑ የመጀመሪያ ትሩፋት ፖሊሱን መቅጣቱ ሳይሆን የሚከፍል ሰው ማስገኘቱ ነው።

የኢትዮጵያን ሕግ ያየ ሰው ተመሳሳዩን ጉድለት በተቃራኒው አቅጣጫ ያገኘዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት የከፈለውን ከሠራተኛው መልሶ ሊያስከፍል ይችላል። ጥፋቱ የግል ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም። ሁለቱን የሚለየው ቀጣዩ አንቀጽ ነው፤ ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እሠራለሁ ብሎ በቅን ልቦና ካመነ የሥራ ጥፋት ነው፣ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ የግል ነው።

አከፋፈሉ ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ግራ ነው። ሌባ ሲያባርር ሳያስብ መንገደኛ ገፍትሮ ክንዱን የሰበረ ፖሊስ የሥራ ጥፋት ፈጸመ ይባላል፤ ተጎጂው መንግሥትን ይከሳል። በቂም በቀል ተነሥቶ እስረኛ የገረፈ ፖሊስ ቅን ልቦና የለውም፤ ጥፋቱ የግሉ ነው። የተገረፈው ሰው እንግዲህ የሚቀርለት የፖሊሱ ደመወዝ ብቻ ነው። በደሉ በከፋ ቁጥር ከፋዩ እየደኸየ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሕጉ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ ሕጉ በወጣበት ዘመን 400 ዶላር ግድም ነበር፤ ጣሪያው ግን ብሩ ሲረክስ አብሮ ከፍ አላለም። ክሱም ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይዘጋል። ኬንያ ገንዘብ ያለው ነገር ግን ሊገደድ የማይችል ባለዕዳ ሰጠች፤ ኢትዮጵያ በከባዱ ጥፋት ላይ ሊገደድ የሚችል ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ባለዕዳ ሰጠች። መድን በሁለቱም አገር እሞላዋለሁ የሚለው ጎዶሎ ይኸው ነው።

ይሞላዋል ወይ? በግማሹ ነው። የመድን ሕግ በየትም አገር አንድ መሠረት አለው፤ መድን የሚገባው ለድንገተኛ ነገርና ለቸልተኝነት ነው። ቤቱን ራሱ ያቃጠለ ሰው ካሳ አያገኝም፤ የኢትዮጵያ የንግድ ሕግም መድን ገቢው ሆን ብሎ ላደረሰው አደጋ መድን ሰጪው አይጠየቅም ይላል። ስለዚህ አነጣጥሮ የገደለ ወይም እስረኛ ያሰቃየ ፖሊስ የመድን ወረቀቱን ቢያሳይ ድርጅቱ ይህ በውላችን ውስጥ የለም የማለት መብት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ መንግሥት ሸሽቶ የወጣበት ቀዳዳ መድን ድርጅቱም የሚወጣበት ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። የሚኒያፖሊሶቹ ረቂቅ ክፉ ድርጊትም ይሸፈን ያለው ለዚህ ነበር፤ ያንን ጽፎ ማስገደድ ቀላል ሲሆን የሚሸጥ ኩባንያ ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነው። መውጫ መንገድ አለ። የተሽከርካሪው ሦስተኛ ወገን መድን ያሳየው ዘዴ እዚህም ይሠራል፤ ድርጅቱ መጀመሪያ ለተጎጂው ይከፍላል፣ ከዚያ ዞሮ ጥፋተኛውን ይጠይቃል። ለፖሊስ የሚወጣ ሕግ ይህን ካልያዘ የሚጠቅመው ለጥቃቅኑ ጉዳት ብቻ ይሆናል።

ሌላው እንቅፋት የአጥፊው ማንነት ነው። መድኑ በግለሰብ ስም እስከሆነ ድረስ ተኳሹ ካልታወቀ ውሉ ከቁም ሣጥን አይወጣም። በጁን 25 ቀን 2024 ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን በመቃወም እስከ ኬንያ ፓርላማ በዘለቁበት ወቅትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ቢያንስ 50 ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ዘግቧል። ዩኒፎርም ያልለበሱና ፊታቸውን የሸፈኑ ታጣቂዎች በየመንገዱ ታይተዋል። በአዲስ አበባም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ስለደረሰው ግድያ ያጣራው ኮሚሽን የሞቱት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሆናቸውን መዝግቧል፤ የትኛው ጥይት ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ግን ተለይቶ አልቀረበም። እንዲህ ባለው ቀን የሚጠየቀው አዛዡና መንግሥት እንጂ የአንድ ኮንስታብል ዓረቦን አይደለም። ተራው ፖሊስ ተኩስ ተብሎ ለተኮሰው ዓረቦኑ እየጨመረ ትእዛዙን የሰጠው ሹም ንጹሕ መዝገብ ይዞ ጡረታ ቢወጣ መድኑ ፍትሕን ገልብጦ አቆማት ማለት ነው። የስድስት ወር ሕፃኗ ሳማንታ ፔንዶ በ2017 በኬንያዋ ኪሱሙ በፖሊስ ተመትታ ከሞተች በኋላ የኬንያ ዐቃቤ ሕግ በ2022 የፖሊስ አዛዦችን ጭምር በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ለመክሰስ የወሰነው ይህንን ሰንሰለት ወደ ላይ ለመከተል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ብዙ የማይወራለት ነገር ነው። ዓረቦኑ በአቤቱታ ቁጥር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ አቤት ባዩን ዝም ማሰኘት ለፖሊሱ ገንዘብ ያተርፍለታል። የጠበቃ ዊሊ ኪማኒ ጉዳይ ይህ እስከምን ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል። አንድ የሞተር ብስክሌት ታክሲ ሹፌር ፖሊስ በጥይት መታኝ ብሎ ለአይፖአ አመለከተ፤ ኪማኒ ጠበቃው ሆነ። በጁን 2016 ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ጠበቃው፣ ደንበኛውና ያሳፈራቸው የታክሲ ሹፌር ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ከወንዝ ወጣ። በ2022 ሦስት ፖሊሶችና አንድ የፖሊስ መረጃ አቀባይ ጥፋተኛ ተባሉ፤ በፌብሩዋሪ 2023 አቤቱታ የቀረበበት ፖሊስ ሞት፣ ሌሎቹ የረጅም ዘመን እስራት ተፈረደባቸው። ያኔ የመድን ጥያቄ አልነበረም። የደመወዝ ጉዳይ ሲጨመርበት ምስክርን የመጠበቁ ሥራ ከመድኑ በፊት መቅደም እንዳለበት ግልጽ ነው።

የፖሊሶቹም አቤቱታ ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በቀድሞው ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የተመራው ግብረ ኃይል በ2023 ባቀረበው ሪፖርት የፖሊስ ደመወዝ በ40 በመቶ ከፍ እንዲል የመከረው ኑሯቸውን አይቶ ነው። ከእንዲህ ያለ ደመወዝ ላይ ዓረቦን ቢቆረጥ ገንዘቡ ተመልሶ የሚሰበሰበው ከአርግዊንግስ ኮዴክ ኬላ ላይ ይሆናል፤ «ኪቱ ኪዶጎ»ው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያበቃል። እጃችንን አስራችሁ ወንጀለኛ ያዙ አትበሉን የሚለው ቅሬታ ግን ያን ያህል አያሳምንም። ሐኪም መድን ገብቶ ሆድ መቅደዱን አልተወም። በመነሻ ዓረቦኑ ላይ የመንግሥት ድጎማ ካለና ጭማሪው የሚመጣው ፍርድ ቤት ባረጋገጠው ጥፋት ብቻ ከሆነ ጠንቃቃው ፖሊስ የሚያጣው ነገር የለም።

ኬንያ ከ100,000 በላይ ፖሊሶችን በአንድ አገር አቀፍ አገልግሎት ሥር አሰባስባለች፤ ኢትዮጵያም የፌዴራልና የክልል ፖሊሶች አሏት። በሁለቱም ዘንድ በውጭ ሰው ዓይን አደጋቸውን የሚመዝን፣ ይህ ጣቢያ ከዚያኛው ይልቅ ሰው ይጎዳል ብሎ በገንዘብ የሚናገር ወገን የለም። ስለዚህ ለሁለቱ አገሮች የሚበጀው የግለሰቡን መድን ከነሙሉ ጣጣው ከመሞከር በፊት ሜይዉድን ያነቃነቀውን ዓይነት በየጣቢያው ወይም በየካውንቲው ማስጀመር ነው። ጣቢያው መድን ይግባ፤ ዓረቦኑ ከጣቢያው በጀት ላይ ይታይ፤ አዛዡም ስለ ጭማሪው ይጠየቅ። ያኔ አስቸጋሪውን ፖሊስ የሚያውቀው አለቃ ዝም የሚልበት ምክንያት ያንሳል፤ በሰልፍ መካከል ተኳሹ ባይታወቅ እንኳ የተሰማራው ጣቢያ ይታወቃል። የግለሰቡ ድርሻ ኮሎራዶ እንዳደረገችው በትንሽ መቶኛ ተወስኖ በኋላ ሊጨመር ይችላል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን በሁርሊንግሃምም ሆነ በሌላ የናይሮቢ ሰፈር በፖሊስ የተጎዳ ሰው ያለው መንገድ የቆየው መንገድ ነው። የፖሊስ ልብስ የለበሰ ሁሉ ስሙ ወይም የአገልግሎት ቁጥሩ በግልጽ እንዲታይ ሕጉ ስለሚያዝ መጀመሪያ እሱን መያዝ ነው፤ ካልታየም የመኪናውን ታርጋ፣ ቦታውንና ሰዓቱን። ወዲያው ሐኪም ቤት ሄዶ መመርመር፣ ጣቢያ ላይ ጉዳዩን አስመዝግቦ የመዝገቡን «ኦ.ቢ.» ቁጥር መቀበል፣ ጉዳቱን ሐኪም የሚሞላበትን «ፒ 3» ቅጽ መጠየቅ ይገባል። የተጎዳበት ጣቢያ መሄድ የሚያስፈራው ሰው ወደ ሌላ ጣቢያ ወይም በቀጥታ ወደ አይፖአ መሄድ ይችላል፤ አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የኬንያ ዜጋ መሆንም አያስፈልግም። ጊዜውን ግን መቁጠር ያሻል። በመብት ጥሰት ላይ ተመሥርቶ በሕገ መንግሥቱ የሚቀርብ አቤቱታ የተቆረጠ የጊዜ ገደብ የለውም፤ በተራው የጉዳት ካሳ ክስ መንግሥትን መክሰስ የሚቻለው ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው።